በታጠፈ ወረቀት የተቆረጠ ቅጠል

አክስቴ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሸክላ ሳህን ላይ ቅጠል ስትሥል ኖራለች። በቀን ስድስት ሳህን፣ በሳህን አራት ቅጠል ብለን ብንገምት፣ ከእጇ የወጣው ቅጠል ከአንድ ትልቅ ዋርካ ቅጠል የሚያንስ አይመስለኝም፤ ስሌቴ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የማልሳሳተው ግን በእኛ ሠፈር የእርሷ ሳህን ያልተሰቀለበት ሳሎን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን ነው።

የምትሠራበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። በአንደኛው ግድግዳ በኩል ገና ያልተተኮሱ ሳህኖች ተደርድረው ይደርቃሉ፤ በሌላው በኩል ሁለት መስኮቶች፣ ከመስኮቶቹም ሥር የእርሷ ጠረጴዛ አለ። እቶኑ በጓሮ ነው። እቶኑን የሚያነደው ሰው ቅንድቡ ላይ አመድ ስለማይጠፋ አመዴ ይባላል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ አሠራሯ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል፤ ያለዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግልጽ አይሆንም። አክስቴ ቅጠልን በቀጥታ በሸክላው ላይ አትሥልም። መጀመሪያ ወረቀት ለሁለት ታጥፋለች፤ ከእጥፋቱ ጀምራ የቅጠሉን ግማሽ ብቻ ትነድፍና በመቀስ ትቆርጠዋለች። ወረቀቱ ሲዘረጋ ግራና ቀኙ በክር ስፋት እንኳ የማይበላለጥ ሙሉ ቅጠል ይሆናል። ያንን በሳህኑ ላይ አስተኝታ ዙሪያውን በጨርቅ በተቋጠረ የከሰል ዱቄት ትነካካዋለች። ወረቀቱ ሲነሣ በጥቁር የተከበበ ባዶ ቅጠል ይቀራል፤ ብሩሿ አረንጓዴውን ቀለም የሚሞላው በዚያ ባዶ ውስጥ ነው። አረንጓዴው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሌላ አረንጓዴ በዚያ ቤት ኖሮ አያውቅም።

አክስቴና አመዴ ሁለተኛም ሕግ ነበራቸው። የሚያብረቀርቀው ቅብ በእሳት ሲቀልጥ ስለሚፈስ፣ ቀጭንና ሹል ነገር ሁሉ ይሞላል፤ ይጨማለቃልም። ስለዚህ የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ ካለው ጥርሱ ይከረከማል። "ሹል ነገር ካመጣሽብኝ እቶኔ ይልሰዋል፤ ኋላ እኔን እንዳትወቅሺ" ይላታል አመዴ። ይህን ሁሉ "ቅጠል ማረም" ይሉታል። ትል የበላው፣ አንድ ጎኑ የጠበበ፣ የተጣመመ ቅጠል ሲመጣላት አክስቴ ፀጉሯን ልታበጥራት እንደያዘቻት ሕፃን "ነይ እስቲ ላስተካክልሽ" ትለዋለች። እኔም ልጅ ሳለሁ ጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጬ ይህን ስሰማ፣ ቅጠሎች ከአክስቴ እጅ እስኪገቡ ድረስ ያልተጠናቀቁ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የአንድ አፀደ ሕፃናት መምህርት ወደ እርሷ መጣች። የትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ዐሥራ ሁለት ሳህኖች ፈለገች። ልጆቹ ገና ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ቅጠልን በቅርጹ እንዲለዩ ታስቧል። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ሳህን ላይ ያለው ቅጠል ተቀጥፎ ለወጥ ቤቱ ይወሰዳል፤ ቢቀመስም ችግር የለውም። ጠርዙ ቀይ የሆነው አይነካም። ከሰማያዊዎቹ አንዱ ቆስጣ፣ ከቀዮቹ አንዱ አስተናግር ነበር። አስተናግር በትምህርት ቤቱ የኋላ አጥር ሥር ነቅለው ነቅለው የሰለቻቸው፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚመለስ አረም ነው። የበላውን ሰው አፉን ያደርቀዋል፤ ዓይኑን ይጋርደዋል፤ አእምሮውን ይወስደዋል፤ ሲበዛም ነፍሱን።

የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ሁላችንም ሚጢጢ የምንላት የአምስት ዓመት ልጅ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ትማራለች። እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለምትውል ሳምንቱን ከአያቷ ጋር ነው የምታሳልፈው። ስለዚህ ትእዛዙ አክስቴን እንዴት እንዳስደሰታት መገመት አያዳግትም።

ናሙና እንዳመጣላት የጠየቀችው እኔን ነው። የዕፀዋት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስለሆንኩ፣ ከትምህርት ክፍላችን በወረቀት ላይ ተጣብቀው የደረቁ ቅጠሎች በፊርማዬ ተውሼ ሰጠኋት።

ሳህኖቹ ከእቶን በወጡበት ቀን እዚያ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሲያብረቀርቁ፣ ከሰማያዊው ቆስጣና ከቀዩ አስተናግር ፊት ለጥቂት ጊዜ ቆምኩ። የተለዩት በጠርዛቸው ቀለም ብቻ መሰለኝ። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ቅጠል የሣለች ሴት ከእኔ የሁለት ዓመት ደብተር ትበልጣለች ብዬ አሰብኩ፤ የማየው የራሴ ጥርጣሬ ይሆናል አልኩ። "በጣም ያምራሉ" ብዬ ወጣሁ። ሳህኖቹ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ናሙናዎቹን ልመልስ ወደ አክስቴ ሥራ ቤት ሄድኩ።

"ፕሮፌሰሩ መጡ!" አለ አመዴ ከበሩ ላይ። "ዛሬ ደግሞ ለየትኛው አረም ነው ዲግሪ የምንሰጠው?"

"ተወው ልጄን" አለች አክስቴ ከውስጥ። "አንተ ከእሳት ሌላ የምታውቀው የለህ።"

"እሳት ይበቃኛል እትዬ። እሳት ፈተና አይፈትነኝም።"

አክስቴ እየሳቀች መሳቢያዋን ስባ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ታቀብለኝ ጀመር። የአስተናግሩ ናሙና ሲወጣ ያው የታጠፈው የወረቀት ቅድ አብሮት ተጣብቆ ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

"ይኼ ልጅ ለምንድን ነው እንዲህ የተጣመመው?" አለች። "እግሩ ጋ አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። ስትጨፈልቁት ነው አይደል የተበላሸው? እኔማ አርሜዋለሁ።"

"አልተበላሸም፣ አክስቴ። ተፈጥሮው ነው።"

"የዚህኛው?"

"የሁሉም። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። የሚታወቀውም በዚያና... በጥርሶቹ ነው።"

አመዴ መሳቁን አቆመ። አክስቴ ቅዱን ዘረጋችው። ጥርስ የለውም፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የቆስጣውን ቅድ ከመሳቢያው አውጥታ በላዩ አስተኛችበት። በጫፉ በኩል ትንሽ ሰፋ ካለው በቀር አንዱ ሌላውን ሸፈነው። ሁለቱንም ቅድ ጠረጴዛው ላይ ጣለቻቸው።

"ዛሬ ምንድን ነው ቀኑ?"

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ ጠዋት አትክልቱ ቦታ ነው የሚውሉት" አለች። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ወደ መምህርቷ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፤ ጠራ፤ አልተነሣም። በድጋሚ ደወልኩ። አክስቴ የሸክላ ጭቃ የጠጣ ሽርጧን ሳታወልቅ ከበሩ ወጥታ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ታክሲ ለመጠበቅ መቆም ግን አልቻለችም፤ መቆም የሚባለው ነገር ራሱ የጠፋባት ይመስል ነበር። ከአሁን በፊት ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። አንድ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ሲቀር አንሥቼ ተከተልኳት።

"ስንት ቅጠል ቢበላ ነው ክፉው?" አለችኝ ሳትዞር።

"እንደ ልጁ ክብደት፣ እንደ ቅጠሉም ዕድሜ ይለያያል..."

"ቁጥር ንገረኝ!"

"አላውቅም፣ አክስቴ።"

ትንፋሿን ብቻ እሰማ ነበር። በየመንገዱ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ቅጠል ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ታየኝ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ውስጥ እንደ ውኃ የፈሰሰ መሰለኝ፤ ያን ጊዜ አንዱን ቅጠል ከሌላው ለይ ብባል የምችል አይመስለኝም።

በሩን ስንገፋ መጀመሪያ ያየነው ሳህኖቹን ነው። ዐሥራ ሁለቱም በጠዋት ፀሐይ ያበራሉ። ልጆቹ ተሰልፈው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ መምህርቷ ቅጠል የሞላ ቅርጫት ይዛለች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ! ልጆቹ እኮ ሳህኖቹን እንዴት እንደ..."

"ልጄ የታለች?"

"ሚጢጢ? ትንሽ ትኩሳት ቢጤ ይዟታል። ፊቷ ቀላ፣ ጥላ ሥር አስተኝቻታለሁ። ስልኬን ክፍል ውስጥ ስለተውኩት እስካሁን ሳልደውልልዎ..."

ሚጢጢ ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ነበር። ፊቷ እንደ ፍም ቀልቷል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ነገር ግን ቡናማው ጠፍቶ ጥቁር ብቻ ሆነዋል። በሁለት ጣቶቿ ከአየር ላይ አንድ ነገር ትለቅማለች፤ ትለቅምና ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ደግማ ትለቅማለች። ምንም አልነበረም።

"ምን በላች?" አለች አክስቴ።

"ምንም አልበላችም። ሁለት ሰዓት አልፎ እንደገባን ቆስጣ ቀጥፋ ስትቀምስ አይቻታለሁ፤ እሱ ሰማያዊ ነው። 'ይኼን የሠራችው እማማ ናት፣ እኔ አውቀዋለሁ' እያለች ለጓደኞቿ ስታስተምራቸው ነበር።"

"ከየት ነው የቀጠፈችው?"

መምህርቷ ወደ ኋላ አጥር ዞራ ስታይ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ።

እኔ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ተክሉ ጉልበት የማይሞላ ለጋ ነበር። አምስት የተቀነጠሱ አንጓዎች ቈጠርኩ፤ ምናልባት ስድስት። አንድ ቅንጣት ቅጠል ቀጥፌ በመሀረብ ጠቀለልኩ። ስመለስ መምህርቷ ቅርጫቱን መሬት ላይ ገልብጣ በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ ከቆስጣው መካከል ሁለት የአስተናግር ቅጠሎች ወጡ። የልጆቹን አፍ አንድ በአንድ እያስከፈተች "ማን ቀመሰ? አልቆጣም፣ ማን ቀመሰ?" ትላለች። ልጆቹ በፍርሃት አለቀሱ። አንዷ ልሳ እንደተፋችው ተናገረች፤ እርሷም ከእኛ ጋር በታክሲ ተጫነች። ሌላ የቀመሰ አልተገኘም። ይህን መምህርቷ ሦስት ጊዜ ደግማ አረጋገጠች፤ ሦስት ጊዜም አላመነችውም። የቀሩትን ልጆች ለሌላ መምህርት አደራ ሰጥታ እርሷም አብራን መጣች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ መዝገቧን ከፍታ "ምን ሆነች?" አለች።

"ትኩሳት ነው" አለች መምህርቷ እየተንተባተበች፤ "ቆስጣ ቀምሳ... ማለቴ ቆስጣ ነው ብላ..."

"ምናልባት አስተናግር ሊሆን ይችላል" አልኩ እኔ። ድምፄን ራሴም በደንብ አልሰማሁትም።

ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። "ምናልባት ብዬ መድኃኒት አልሰጥም፣ ወንድሜ። ቆስጣ ነው ወይስ አስተናግር?"

መልስ ለመስጠት አንድ ትንፋሽ ያህል ዘገየሁ። ያቺን ትንፋሽ ዛሬም አልረሳኋትም። አክስቴ ቀደመችኝ።

"ሳህኑን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለች። "ልጆቹ የሚማሩበትን ሳህን። ሁለቱን ቅጠል አንድ አድርጌ የሣልኳቸው እኔ ነኝ። ልጄ የበላችው የእኔን ሳህን ስላመነች ነው። ስትጽፊ እንደዚያ ጻፊ።"

መሀረቡን ፈትቼ ቅጠሉን መዝገቡ ላይ አስቀመጥኩት። ጣቴን እግሩ ላይ፣ ሁለቱ ጎኖች ተበላልጠው ከዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አኖርኩ። "አስተናግር ነው" አልኩ። "እርግጠኛ ነኝ። ሦስት ወይም አራት ለጋ ቅጠል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖታል።"

ነርሷ ሁለተኛ ጥያቄ ሳትጠይቅ ተነሣችና ሐኪሙን ጠራች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በቅደም ተከተል አይታወሰኝም። የከሰል ዱቄት የተበጠበጠበት ጥቁር ውኃ በግድ ሲያጠጧት፣ ጥቁሩ በነጭ አንሶላ ላይ ሲረጭ አስታውሳለሁ። የልቧን ምት የሚቈጥረው መሣሪያ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሲሮጥ አስታውሳለሁ። ቅጠሉን ልሳ የተፋችው ልጅ እስከ ቀትር ምንም ስላልታየባት ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሄደች። ሚጢጢ ግን ባሰባት። ከአልጋው ልትወርድ ትታገላለች፤ ግድግዳው ላይ ወደሌለ ነገር ትጠቁማለች።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ" አለቻት አክስቴ እጆቿን ይዛ።

ሚጢጢ በእነዚያ ጥቁር ዓይኖች ትክ ብላ አየቻትና ወደ እኔ ዞረች። "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" አለች። "እጄን አስለቅቁኝ። እማማን ጥሩልኝ።"

አክስቴ እጇን አልለቀቀችም። "እጠራልሻለሁ" አለቻት። "አሁን ትመጣለች።"

ሐኪሙ እንቅልፍ የሚያመጣ መርፌ ወግቷት ሲወጣ "ልቧ ከዚህ በላይ ካልፈጠነ ደህና ነው" አለን። ካልፈጠነ። ከዚያች ቃል ጋር አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ዓይናችን ከመሣሪያው ቁጥር አልተነቀለም፤ ሲጨምር ሁለታችንም ከወንበራችን እንነሣለን፤ ሲቀንስ ለመቀመጥ እንፈራለን።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ሌላው መስኮት ስትዞር፣ መሸከም ስላቃተኝ ነገርኳት። "ሳህኖቹ ከእቶን የወጡ ቀን አይቼው ነበር" አልኳት። "አንድ ዓይነት እንደሆኑ አይቼ ነበር።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ብትመታኝ በወደድኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"የተሳሳትኩት እኔ መስሎኝ።"

በጥፍሮቿ ሥር የቀረውን አረንጓዴ ቀለም እያየች ራሷን ነቀነቀች። "እኔ ደግሞ" አለች፣ "የተሳሳተው ቅጠሉ መስሎኝ።"

ሲመሻሽ የመሣሪያው ድምፅ መዘግየት ጀመረ። ሚጢጢ አየር መልቀሟን ትታ ተኛች። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ዓይኗን ገልጣ "እማማ፣ ውኃ" አለች። አክስቴ ብርጭቆውን ልታነሣ ብትሞክር ጠረጴዛው ላይ ደፋችው፤ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የዓይኗ ብሌን ለጥቂት ቀናት ሰፍቶ እንደሚቆይ፣ በቅርብ ያለ ነገር እንደሚደበዝዝባት፣ ነገር ግን ሕይወቷ ከአደጋ እንደወጣ ነገረን። ሌሊቱን በመንገድ ያሳለፈችው እናቷ ቦርሳዋን እንደያዘች ገብታ አልጋው ላይ ተደፋች። አክስቴ ሁሉን ነገር ራሷ ነገረቻት፤ ምንም ሳታስቀር። የተባባሉትን አልጽፍም፤ የመጻፍ መብት ያለኝም አይመስለኝም።

ከዚያ አክስቴ ተነሣች። "ደወሉ ሳይደወል ትምህርት ቤት እንድረስ" አለችኝ።

አክስቴ በስልክ ያስጠራችው አመዴ መሮና መዶሻ ይዞ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ቀልድ አልቀለደም። ሳህኖቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው እየፈነቀለ ለእርሷ ያቀብላታል፤ እርሷም በፊታቸው መሬት ላይ ትደፋቸዋለች። መምህርቷ ዓይኗ አብጦ፣ ሌሊቱን እንዳልተኛች እያስታወቀ፣ ከጎኔ ቆመች።

"እትዬ፣ ሁለቱ ከተነሡ አይበቃም?" አለች በቀስታ። "የቀሩት እኮ ልክ ናቸው።"

"ማን አያቸው?" አለች አክስቴ።

መምህርቷ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ዐሥሩን በየተራ ገልብጬ አየኋቸው። ስድስቱ ልክ መሰሉኝ። ስለ አራቱ መማል አልቻልኩም፤ ይህንኑ ተናገርኩ። ዐሥራ ሁለቱም ወረዱ።

በዚህ መካከል የመጀመሪያዎቹ ልጆች መግባት ጀመሩ። አንዲት ሁለት ጥርሶቿ የወለቁ ሴት ልጅ ባዶውን ግድግዳ አየች፤ ከዚያ ወደ አትክልቱ ቦታ ሮጣ አንድ ሰፊ ቅጠል በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች። ከሁላችንም መርጣ አክስቴ ፊት ቆመች።

"እማማ፣ ይኼ ይበላል?"

አክስቴ ቅጠሉን ተቀበለቻት። ፊቱን አየች፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዘንጉ ጀምራ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ሁሉ ዞረችው፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። አመዴ መሮውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ ነገር ግን ግንባሯ ላይ ላብ ሲወጣ ሳይ የማውቀውን መጠራጠር ጀመርኩ።

"አላውቅም፣ የኔ ልጅ" አለቻት በመጨረሻ። "መምህርትሽ እስክታየው ድረስ አፍሽ እንዳታስገቢው። እጅሽንም ታጠቢ።"

ጎመን ነበር።